«የቤት ልጅ ነው»፦ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ባለች አንዲት ጓሮ ረዳት ስለማኖር የጉዳይ ጥናት

ቤታችን እየኖረ በሥራ ይረዳን የነበረው ልጅ የሄደው የካቲት ውስጥ ነው፣ ሌሊት። ጠዋት ስንነሳ በረቱ አልተጠረገም፣ ጥጃዋ ትጮኻለች። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ የበርበሬ ጆንያ ላይ አስቀምጦታል። የገዛንለትን ቦት ጫማ አጥቦ በሩ ላይ አቁሞታል። ከቤታችን አንድ ነገር ይዞ አልሄደም። ባለቤቴ ቦት ጫማውን አይታ አለቀሰች። እኔን ግን እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የያዘኝ ንዴት ነው። «ምን አጎደልንበት?» ነበር ያልኩት። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ እስካገኝ ወራት ፈጅቶብኛል።

ሰው ብዙ ጊዜ ይጠይቀኛል። «ቤታችሁ ሰው ታኖራላችሁ አሉ፤ እንዴት ተዋዋላችሁ? አያስቸግርም ወይ?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እንደኛ ትንሽ መሬት ያላቸው፣ የሚገዛ ማዳበሪያና መድኃኒት መቀነስ የሚፈልጉ፣ ከብትም ንብም አትክልትም በአንድ ግቢ አሰባስበው እጅ ያጠራቸው ሰዎች ናቸው። ለነሱ ነው የምጽፈው። የልጁን ስም አልጠራም፣ ቀበሌውንም አልጠቅስም። ልጽፍ እንደሆነ ነግሬዋለሁ፣ ፈቅዶልኛል።

ቤቱና ሥራው

ያለነው ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከአባቴ የቀረልኝ አራት ቃዳ መሬት አለ። የኛን አገር ልክ ለማያውቅ፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። ብዙ ዓመት ከተማ ውስጥ አስተምሬ ነው የተመለስኩት፤ ባለቤቴና ሁለት ሴት ልጆቻችን አብረውኝ መጡ። በሁለቱ ቃዳ በቆሎና ጤፍ እናፈራርቃለን። አንዱ ቃዳ የበርበሬ ነው፣ ይህ አካባቢ በበርበሬ የታወቀ ስለሆነ ገንዘብ የምናየው ከሱ ነው። የቀረው ቤቱ ያረፈበት ጓሮ ነው፤ ቡና፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ጌሾ፣ ጎመን፣ ስድስት የንብ ቀፎ። ያን ጊዜ ሁለት በሬ፣ ሁለት ላም፣ አንዲት ጊደርና ጥጃ ነበሩን።

ባዮጋዝም አስቆፍረናል፣ ስድስት ሜትር ኪዩብ የሚይዝ። በየቀኑ ከ40 ኪሎ የማያንስ እበትና የዚያኑ ያህል ውሃ ተበጥብጦ ይገባበታል። ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፤ እንጀራ ግን አሁንም በእንጨት ነው የምንጋግረው። ዝቃጩ ማሳ ላይ ይወርዳል፣ እንደ ማዳበሪያ እጅግ ጥሩ ነው። ከጓሮው ምንም አይጣልም። የጎመኑ ቅጠል ለላሟ፣ የላሟ እበት ለጋዙ፣ ዝቃጩ ለዝሆኔ ሣሩ፣ ሣሩ ተመልሶ ለላሟ። እንግዳ ሲመጣ ይህን ዑደት እየዞርኩ አስረዳ ነበር፣ ደስ እያለኝ። ግን እያንዳንዱ ዙር በሰው እጅ ነው የሚዞረው። እበቱን የሚዝቅ፣ ውሃውን የሚስብ፣ ሣሩን የሚያጭድ ሰው አለ፣ በየቀኑ።

ለአጨዳ፣ ለአረም፣ ለውቂያ ወንፈልና ደቦ አለ፤ ጎረቤት ይመጣል፣ እኛም እንሄዳለን። ለእበት ደቦ የሚጠራ ሰው ግን የለም። በየቀኑ የሚደጋገም ትንንሽ ሥራ ወንፈል አይገባም። ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የፈለግነው ለዚህ ነው።

አመጣጡ

ልጁ የመጣው በመስከረም ነው፣ በባለቤቴ ዘመድ በኩል። 17 ዓመቱ ነበር። ከደጋ ዳሞት ነው። አባቱ ሞቷል። ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ክፍል በማታው ሊማር ይፈልጋል፤ ማደሪያ የለውም። እኛ ማደሪያ አለን፣ እጅ የለንም። ለሁለታችንም የሚበጅ ነገር ነበር፣ ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ።

ከእናቱ ጋር የተነጋገርነው በገበያ ቀን፣ ቆመን፣ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ያልኩት ይህን ነው፦ «እንደ ልጃችን ነው የምናየው። ይማራል፣ ይለብሳል፣ ሲሄድም ባዶ እጁን አይሄድም።» እሳቸው «እግዜር ይስጥልን» አሉ። ውሉ በቃ ይኼው ነው። ስንት ሰዓት ይሠራል፣ መቼ ያርፋል፣ የት ይተኛል፣ ገንዘብ ያገኛል ወይ፣ ከታመመ ማን ያሳክማል፣ አንዱም አልተነሳም። ብናነሳው ነውር መሰለን። «እንደ ልጅ» ከተባለ በኋላ ስለ ብር ማውራት ፍቅሩን የሚያረክሰው መሰለን።

በአባቴ ጊዜ በዓመት የሚቀጠር አራሽ ወይም እረኛ ቤታችን ነበር። ያን ጊዜ ይህን ያህል እህል፣ ይህን ያህል ልብስ ተብሎ ሰው ባለበት ይነገር ነበር። ልጅ ሆኜ ያ ነገር ልብ የሌለው ይመስለኝ ነበር፤ የኛው ያለ ዋጋ፣ በፍቅር ብቻ ስለሆነ የተሻለ ነው ብዬ አምኛለሁ። ልክ አልነበርኩም። የአባቴ ሠራተኛ እህሉ ቢጎድል ሽማግሌ ፊት ቆሞ የሚለው ነገር ነበረው። የኛ ልጅ ምን ጎደለብኝ ሊል ነው? የተሰፈረለት ነገርኮ የለም።

ታታሪ ልጅ ነበር። ንብ አይፈራም። ከትንሿ ልጄ ጋር የሒሳብ ጥያቄ ይሠራሉ። እኔን «ጋሼ»፣ ባለቤቴን «እትዬ» ይላል። የምንበላውን ይበላል፣ አብሮን ይበላል፤ በዚህ እንኮራ ነበር። ሰው ሲጠይቀን «ሠራተኛ አይደለም፣ የቤት ልጅ ነው» እንላለን። ከልባችን ነበር።

መኝታው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ መጀመሪያ ባዶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ በርበሬው ደረቀና ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ጆንያዎቹን እዚያው አስገባናቸው፣ እሱ ራሱ ተሸክሞ። የደረቀ በርበሬ ያለበት ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ጆንያው በተነካ ቁጥር ብናኙ ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያቃጥላል። ሌሊት ሲያስል እሰማ ነበር። ጉንፋን ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርት በማር እንድታደርግለት ለባለቤቴ ነገርኳት። ጆንያዎቹ ግን ትዝ አላሉኝም።

የጥር እንግዶች

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ሁለት ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጡ፣ ወንድና ሴት። ፐርማካልቸር፣ ማለትም ተፈጥሮን ተከትሎ እርሻን የማደራጀት ዘዴ፣ የሚማሩ ናቸው። በሌላ አገር የተለመደ አሠራር ነገሩኝ፦ በፈረንጆቹ 1971 እንግሊዝ አገር ሱ ኮፐርድ የምትባል ለንደን ውስጥ የቢሮ ጸሐፊ የነበረች ሴት ከተሜዎች ቅዳሜና እሁድ ወደ ኦርጋኒክ እርሻ እየሄዱ እንዲሠሩ ብላ የጀመረችው ነው፤ ዛሬ ዉፍ በሚል ስም በብዙ አገሮች አለ። እንግዳው በአብዛኛው በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል፣ ባለቤቱ ያበላል፣ ያስተኛል፣ ያስተምራል። ገንዘብ አይነካካም። እነሱም በዚሁ ልክ ሦስት ሳምንት ሊቆዩ ጠየቁ። ተቀበልን።

በመጡ ዕለት ዶሮ ታረደ። የልጆቻችን ክፍል ተለቀቀላቸው፤ አልጋ፣ አንሶላ፣ ሁሉም ተሟላ። ልጆቻችን ከእኛ ጋር ተኙ። ሻንጣቸውን ከመንገድ ድረስ ተሸክሞ ያመጣው ልጁ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ያህል ይሠራሉ፣ ከዚያ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ወንዝ ይወርዳሉ። ጥሩ ልጆች ነበሩ፣ የነሱ ጥፋት አይደለም። ለልጁም ብዙ ነገር አሳይተውታል። ግን እሱ ያን ሦስት ሳምንት ሥራው በእጥፍ ነው የጨመረው፣ ምክንያቱም ውሃው ጨመረ፣ ዕቃው ጨመረ፣ እኔም እንግዶቹን ይዤ ስለምዞር የኔ ድርሻ ወደሱ ሄደ፣ እሱም ከኛ ልጆች በቀር በዕድሜ የሚቀርቡት ሰዎች ግማሽ ቀን ሠርተው «ደከመን» ሲሉና «አይዟችሁ፣ እረፉ» ሲባሉ እየሰማ፣ ማታ ትምህርት ቤት ደርሶ መጥቶ በርበሬው መሃል ይተኛል።

ከእንግዶቹ ልጅቷ አንድ ቀን ጠየቀችኝ። «እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው?» አለችኝ። «የቤት ልጅ ነውኮ» አልኳት። ዝም አለች። እኔም የመለስኩላት መሰለኝ።

እንግዶቹ በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት እሱም ሄደ።

የቆጠርኩት ሰዓት

የሱን ሥራ 11 ቀን ራሴ ሠራሁት። አስተማሪ ስለነበርኩ ይሁን አላውቅም፣ ደብተር ላይ ያዝኩት። በረት መጥረግ አንድ ሰዓት። ጥጃ መያዝና ማለብ 45 ደቂቃ። ባዮጋዙን በጥብጦ ማስገባት 40 ደቂቃ። ከጉድጓድ ውሃ ስቦ ችግኙንና ጓሮውን ማጠጣት ሁለት ሰዓት። ሣር አጭዶ ተሸክሞ ማምጣት፣ ከነመከታተፉ ሌላ ሁለት ሰዓት። ኮምፖስት ማገላበጥ፣ አረም፣ አጥር፣ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ። ከብቶቹን ማጠጣት ግማሽ ሰዓት። ማታ እንደገና በረትና ማለብ አንድ ሰዓት። ሲደመር በቀን አሥር ሰዓት ያህል ነው፣ በሳምንት 70።

በሳምንት ስድስት ቀን አላልኩም፣ ሰባት ነው። እኛ ጎጃም በዓል እናከብራለን። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ፣ እንደየደብሩ ይለያያል እንጂ በወር ውስጥ ሞፈር የማይነካበት ቀን ብዙ ነው። በነዚያ ቀናት እኔ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ጠላ ቀምሼ፣ ጋደም እላለሁ። ላሟ ግን በማርያምም ትታለባለች። ባዮጋዙ በሚካኤልም ይበላል። እረፍት የምለው ቀን ለሱ እረፍት እንዳልነበረ ያየሁት አካፋውን ራሴ ስይዝ ነው።

የማታው ትምህርት 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ማለቢያችን 11 ሰዓት ነበር። በእግር ግማሽ ሰዓት መንገድ አለ። ይህን ሒሳብ ማንም ልጅ ይሠራዋል። እሱ ለአምስት ወር ተኩል የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሲያጣ እኛ «ትምህርት እንዴት ነው?» እንለዋለን፣ እሱ «ደህና ነው ጋሼ» ይለናል።

ከዚያ ሕጉን አነበብኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፣ ዕድሜው 18 ላልሞላ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ የቀኑ ሥራ ከሰባት ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ለግል አገልግሎት በቤት የተቀጠረ ሰው ከዚህ አዋጅ ውጪ ነው፤ የኛንም ከዚያ ውስጥ ከቶ የሚከራከር ሰው ይኖራል። ግን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አለ። እሱ ደግሞ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚኖር ከሆነ በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በእረፍት ሰዓቱ ጤናውና ክብሩ እንዲጠበቅ አሠሪውን ያስገድዳል። በየትኛው በር ቢገባ የኛ ቤት አሥር ሰዓትና የበርበሬ ክፍል አያልፍም።

ወደ ደጋ ዳሞት

በደንበጫ በኩል ወደ ፈረስ ቤት በሚወጣው መንገድ ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ ደግሞ በእግር። ብርድ ነው፣ የገብስ አገር ነው። ልጁ ቤት አልነበረም፣ እናቱ ናቸው የተቀበሉኝ። ድንች ቀቅለው አቀረቡ፣ ጠላ ቀዱ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ልጆቼ። እኔም የተዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ እንደ ልጃችን ነበር የምናየው፣ ሳይነግረን መሄዱ አሳዘነን፣ ምን እንዳጠፋን ብናውቅ አልኩ።

ትንሽ ዝም አሉና «የአንቱ ልጆችስ የት ነው የሚተኙት?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። መመለስ አቃተኝ። ያን ጊዜ ሳሉ ትዝ አለኝ፣ ጆንያው ትዝ አለኝ፣ ለእንግዶቹ የተነጠፈው አንሶላ ትዝ አለኝ።

ልጁ ማታ መጣ። መጀመሪያ ምንም አላለም። ኋላ ቀስ እያለ የነገረኝ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለአባቱ ተዝካር ለእናቱ ትንሽ ብር ሊልክ ፈልጎ ኅዳር ላይ ባለቤቴን ጠይቋት ነበር፤ «ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሄድም ብለንህ የለ» ብላዋለች። እሷም በደግ ነው ያለችው፣ እንዲጠራቀምለት። እሱ ግን ገንዘብ የለኝም ወይስ አለኝ የሚለውን እንኳ አላወቀም። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ስሙ ከሚቀሩት ውስጥ ተጽፎ ፈተና እንዳይቀመጥ ተነግሮታል፣ ይህን ለኛ መንገር አፈረ። ሦስተኛው ሌሊት መተንፈስ ነው። «ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። «ቤቱ የናንተ ነው፣ እንዴት ብዬ?» አለ።

«እንደ ልጅ» የሚለው ቃል አፉን ዘግቶት ነበር። ልጅ ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ ያኮርፍ ነበር፣ «አልሠራም» ይል ነበር፣ የኔ ልጆች ሁሉንም ያደርጋሉ። ሠራተኛ ቢሆን ሒሳቡን ይጠይቅ ነበር። እንግዳ ቢሆን ያርፍ ነበር። እኛ የልጅን ታዛዥነት፣ የሠራተኛን ጉልበት፣ የእንግዳን ዝምታ ከአንድ ሰው ወሰድን።

እዚያው ሌሊት ከሱና ከአጎቱ ጋር ሒሳብ ሠራን። በአካባቢያችን ለቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው ግማሹን ለምግብና ለልብስ ቀነስን፣ ግማሹን በ160 ቀን አባዛን። የአንዲት ጊደር ዋጋ መጣ። ለመኝታው ምንም አልቀነስንም። ቤት ስመለስ በርበሬውን ሸጥን፣ ዋጋ እስኪወጣ አልጠበቅንም። በሁለት ጊዜ ከፍለን ጨረስን። ተመለስ አላልኩትም፤ ያን ማለት ሌላ ጫና ይሆንበት ነበር።

የቀየርነው

ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተከራከርን። እሷ «ከእንግዲህ ሰው አናኖርም» አለች። እኔ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ብንቀጥር ብዬ አሰብኩ፣ ግን የጓሮው ሥራ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት እየተቆራረጠ ነው፤ ለቀን ሠራተኛ አይመችም። መጨረሻ ላይ የተስማማነው መጀመሪያ ሥራውን እንቀንስ፣ ከዚያ ሰው እንፈልግ በሚለው ነው። ይህን ቅደም ተከተል ለሚጠይቀኝ ሁሉ አጥብቄ እናገራለሁ። ዘላቂ እርሻ ብለን የምንጠራው ነገር በአንድ ልጅ 70 ሰዓት ላይ ቆሞ ከነበረ፣ ልጁ ሲሄድ የሚወድቅ ከሆነ፣ ዘላቂ አልነበረም።

ውሃው ትልቁ ለውጥ ነው። ጉድጓዱ ላይ የገመድ ፓምፕ አስገጠምን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሮቶ አስቀመጥን፣ ውሃው በጎማ ቱቦ ራሱ ወደ ጓሮው ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ማጠጣት ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። የበረቱን ወለል በድንጋይ አንጥፈን ትንሽ ዘንበል አደረግነው፣ ሽንቱና የታጠበው እበት በቦይ ወደ ባዮጋዙ ማስገቢያ ይሄዳል። እንደ ድሮው በባልዲ መሸከም ቀረ። ዴሾ ሣር በእርከኑ ጠርዝ ላይ ተከልን፣ ከበረቱ ሃያ እርምጃ ላይ። አንዷን ላም ሸጥን። ጋዙ በእርግጥ ቀነሰ፣ ማታ ማታ አንዳንዴ በከሰል ነው የምናፈላው። ከበርበሬው ቃዳ ግማሹን ለባቄላና ለጎመን ሰጠነው። ገቢያችን ቀንሷል፣ አልደብቅም። ግን የየቀኑ ሥራ ከአሥር ሰዓት ወደ ስድስት ገደማ ወርዷል፣ እሱም ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለአንድ ረዳት የሚከፋፈል ነው።

ከዚያ ክፍሉን ሠራን። ሦስት በሦስት ሜትር፣ የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ፣ 12 ቆርቆሮ፣ መስኮት ያለው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉም የሚኖረው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ምንም ዕቃ አይቀመጥበትም፣ አንድ ጆንያ እንኳ። ልጆቼ መጀመሪያ የሚጫወቱበት ቤት መስሏቸው ነበር፤ አንኳኩታችሁ ብቻ ነው የምትገቡት ብለን ነገርናቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ጎጃም ውስጥ ሰው ማኖርን ከማንም መማር አያስፈልገንም ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ዋሸራ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ በገዛ ጎጆው ነው የሚኖረው። በየቤቱ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ ቁራሹን ይቀበላል፣ ወደ ትምህርቱ ይሄዳል። አገር ያበላዋል እንጂ አያዘውም። እንጀራ ሰጥቼሃለሁና እንጨት ፍለጥልኝ የሚለው የለም፤ ቢፈልጥም በፈቃዱ ነው። እኛ ግን ምግብ ሰጠን ብለን የአንድን ልጅ ሙሉ ቀን ወሰድን።

አሁን ያለችው

ክፍሉ ካለቀ በኋላ የመጣችው የ22 ዓመት ወጣት ናት፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰች። ንብ ማነብና ችግኝ ማፍላት ተምራ የራሷን ልትጀምር ትፈልጋለች። ይህኛውን ውል በጽሑፍ አደረግነው፣ አክስቷና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ባሉበት፣ ቁጭ ብለን፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ። በቀን አምስት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። እሁድ ሙሉ ቀን የሷ ነው። ደመወዝ ወሩ ባለቀ ቀን በእጇ፤ የቁጠባ ደብተሩም እሷ ጋ ነው። ከታመመች እኛ እናሳክማለን። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ቀፎ ከነንቡ ይዛ ትሄዳለች። አንዲት በግ ደግሞ በርቢ ሰጥተናታል፣ ከሚወለደው እኩል።

እሷም የራሷን አመጣች፣ ይህ በጣም ደስ ብሎኛል። ማታ ከጨለመ በኋላ የትም እንዳትላክ። ወንድ እንግዳ ከመጣ ቀድሞ እንዲነገራት። ስልኳ የሚሞላበት ቦታ ክፍሏ ውስጥ እንዲሆን። ሦስቱም ተጻፉ። ሽማግሌው «እንዲህ ያለ ውል ለልጄም በተጻፈላት» ብለው ፈረሙ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ወር ጎረቤት አወራ፤ ሴት ልጅ ለብቻዋ ቁልፍ ያለው ክፍል ምን ያደርግላታል ተባለ። ባለቤቴ ቡና ጠርታ ጎረቤቶቿን ክፍሉን አሳየቻቸው፣ ረዳታችንን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ራሷ እየቀዳች። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ተቀምጠው ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ወሬው በረደ።

በሐምሌ የበርበሬ ተከላ ላይ ደግሞ ሰዓቱን ጣስነው። ዝናቡ ረገብ ባለ ቁጥር ችግኙ ይድረስ እየተባለ ከጧት እስከ ማታ ሠራች፣ ለሦስት ሳምንት ያህል እንደዚያ ነበር። ግን ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየቀኑ ከአምስት ሰዓት በላይ የሠራችውን በእስክሪብቶ ትጽፍ ነበር። ወሩ ሲያልቅ አውርዳ አመጣችው። በቀን ሠራተኛ ዋጋ ከፈልናት። አልተጣላንም፤ የሚያጣላ ነገር አልነበረም፣ ቁጥሩ ተጽፏል።

ያስቸገረን እሁድ ነው። ልጆቼ የቅዳሜ ማታ ዕቃ ሳያጥቡ ትተው ሰኞ ጠዋት ስትነሳ እሷ ታገኘዋለች። ማንም አጥቢ አላላትም፣ ግን ማንም አላጠበም። ይህን ያነሳችው ራሷ ናት፣ እራት ላይ፣ ሁላችንም ባለንበት። ትልቋ ልጄ ተቆጣች፣ «እኛ እያጠናን ነው» አለች። ባለቤቴ «እሷም እያጠናች ነው» አለቻት። አሁን እሁድ ዕቃ የሚያጥቡት ሁለቱ ናቸው፣ ማለቡ የባለቤቴ ነው፣ በረቱ የኔ።

ልጁ ዘጠነኛን በሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ ጨርሷል። ባለፈው ታኅሣሥ ለውቂያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቀን ሒሳብ መጣ፣ ስድስት ቀን ሠሩ። ረዳታችን አክስቷ ዘንድ ሄዳ ስለነበር ፈቃዷን ጠይቀን ክፍሏን ለቀቀችላቸው። ማታ ከበረት ስመለስ በሩን ከውስጥ ሲቆልፈው ሰማሁ። አላሳለም።

የቀረን የበዓሉ ነገር ነው። እስካሁን በደንብ አልፈታነውም። ኩሽናው በር ላይ ወረቀት ለጥፈናል፤ በወር የምናከብራቸው ቀናት ተዘርዝረዋል፣ ከየቀኑ አጠገብ ላሟንና ባዮጋዙን የሚይዘው ሰው ስም አለ። ረዳታችን ሚካኤልን ለራሷ ጠይቃለች፣ የአባቷ ማኅበር ስለሆነ ልትሄድ ትፈልጋለች። ትንሿ ልጄ አቦን ይዛለች። የዚህ ወር ማርያም የኔ ተራ ነው።